ቮሳን ለነጭ ድንክ ፍለጋ፦ የቱ ይታመናል፣ የቱ ይጣራል?

ቮሳ የስፔን ቨርችዋል ኦብዘርቫቶሪ የሚያስተዳድረው፣ በብራውዘር ብቻ የሚሠራ ነጻ አገልግሎት ነው። ኢሜይል አስመዝግባችሁ ትገባላችሁ፤ የምትጭኑት ፕሮግራም የለም። የኮከቡን አቅጣጫ ስትሰጡት ከአልትራቫዮሌት እስከ ኢንፍራሬድ የተለካውን ብርሃኑን ከብዙ ካታሎጎች ይለቅምና አንድ ኩርባ ላይ ይደረድራል። ከዚያም ኩርባውን ከከዋክብት ከባቢ ሞዴሎች ጋር እያስተያየ ሙቀቱን፣ አጠቃላይ ድምቀቱንና ርቀቱ ከታወቀ ራዲየሱን ያወጣል። ለብዙ ዓይነት ጥናት ይውላል። እዚህ የተገመገመው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ከሌላ ኮከብ ጋር ተጣምሮ፣ በጓደኛው ድምቀት ተሸፍኖ የሚኖረውን ነጭ ድንክ ኮከብ ለመለየት።

ፍርዱ ከመነሻው ይነገር። ነጭ ድንኩ ትኩስ ከሆነ፣ ጓደኛውም ፀሐይን የመሰለ ወይም ከእሷ የቀዘቀዘ ከሆነ፣ ቮሳ በግማሽ ቀን ውስጥ ጥሩ እጩ በእጃችሁ ያስገባል፤ ለዚህ ሥራ ከእሱ የሚቀልል ነጻ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ተጠቃሚዎች መጀመሪያ የሚያዩት ቁጥር፣ ሞዴሉ ምን ያህል እንደገጠመ የሚናገረው ካይ ስኩዌር፣ ነጭ ድንክ መኖር አለመኖሩን አይወስንም። የሚወስነው ራዲየሱ ነው። ለቀዘቀዙ ነጭ ድንኮች ደግሞ ቮሳ ብቻውን አይበቃም፤ የኮከቦችን ቦታና እንቅስቃሴ ከለካው ከጋያ ሳተላይት የምህዋር መረጃ ጋር መጣመር አለበት።

ብርሃኑ የሚታየው የት ነው?

ነጭ ድንክ ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ እምብርት ነው። የተለመደው ዓይነት የፀሐይን 0.6 ያህል መጠነ ቁስ ምድርን በምታህል ስፋት ውስጥ አጭቆ ይይዛል፤ ራዲየሱ የፀሐይ 0.0125 ገደማ ነው። ከላዩ ምንም ያህል ቢሞቅ የሚያበራበት ገጽ ትንሽ ስለሆነ ጓደኛው ይውጠዋል። ሲሪየስ ዋናው ማሳያ ነው። ቤሰል ኮከቡ እየተወዛወዘ መጓዙን አይቶ የማይታይ ጓደኛ እንዳለው በ1844 እ.ኤ.አ. ተናገረ፤ ጓደኛው በዓይን የታየው ግን አልቫን ግራሃም ክላርክ አዲስ ቴሌስኮፕ ሲፈትን፣ በ1862 ነው። ሲሪየስ ቢ 25000 ኬልቪን ይሞቃል፤ እንዲያም ሆኖ በሚታየው ብርሃን ከሲሪየስ ኤ 10000 ጊዜ ያህል ይደበዝዛል።

አንድ ስሌት ጠጋ ብለን እንይ። 5772 ኬልቪን የምትሞቅ ፀሐይ መሰል ኮከብና 15000 ኬልቪን የሚሞቅ፣ ራዲየሱ 0.0125 የሆነ ነጭ ድንክ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጡ። ሁለቱንም እንደ ጥቁር አካል (ብርሃኑ በሙቀቱ ብቻ እንደሚወሰን ሃሳባዊ አካል) ቆጥረን ስናሰላ፣ በ5500 አንግስትሮም የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በሚታየው ብርሃን፣ ነጭ ድንኩ ከጓደኛው ብርሃን 0.3 በመቶውን ብቻ ያህላል። በ2310 አንግስትሮም፣ ማለትም በጋሌክስ ሳተላይት የቅርብ አልትራቫዮሌት ፊልተር፣ 12 በመቶ ይደርሳል። በ1530 አንግስትሮም፣ በሩቅ አልትራቫዮሌቱ ፊልተር፣ ነገሩ ይገለበጥና ነጭ ድንኩ ጓደኛውን 3.5 ጊዜ ይበልጠዋል። እውነተኛ ፀሐይ መሰል ኮከብ ደግሞ በዚህ የሞገድ ርዝመት ከጥቁር አካል እጅግ የደበዘዘ ነው፤ ከባቢው አልትራቫዮሌቱን ይውጠዋል። ስለዚህ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሩቅ አልትራቫዮሌት ልኬት የሌለው ኮከብ ላይ ቮሳን ፀሐይ መሰል ኮከብ ጀርባ ያለን ነጭ ድንክ አውጣልኝ ማለት ካለ ምስክር ፍርድ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ነጭ ድንኩ 7000 ኬልቪን ብቻ ከሆነ በዚያው ስሌት በ1530 አንግስትሮም እንኳ ድርሻው 0.3 በመቶ አይሞላም፤ ስለዚህ አልትራቫዮሌት ላይ መልስ የለም። ጓደኛው ቀይ ድንክ ሲሆን ሥራው ይቀላል። 3500 ኬልቪን የሚሞቅና ራዲየሱ 0.4 የሆነ ኮከብ ጎን ያው 15000 ኬልቪን ነጭ ድንክ በ5500 አንግስትሮም የጓደኛውን 36 በመቶ ያህል ያበራል፤ በተራ የሚታይ ብርሃን ስፔክትረም ላይ ሰፋፊ የሃይድሮጅን መስመሮቹ ብቅ ይላሉ። በተቃራኒው ጓደኛው ትኩስ ከሆነ በሩ ይዘጋል። የሬጉለስ ጓደኛ የታወቀው ዋናው ኮከብ በ40.1 ቀን እየዞረ ወዲያና ወዲህ ሲል በፍጥነት ልኬት ተይዞ ነው፤ ዋናው ኮከብ ራሱ በአልትራቫዮሌት ስለሚያበራ የብርሃን ኩርባው ላይ ከሞዴሉ በላይ የሚታይ ትርፍ ብርሃን አልነበረም።

ፋይሉን ማዘጋጀት

ቮሳ የሚቀበለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን በእያንዳንዱ መስመር አሥር ዓምዶች አሉት፦ የኮከቡ ስም፣ ራይት አሴንሽንና ዴክሊኔሽን (የሰማይ አቅጣጫውን የሚናገሩ ሁለት ዓምዶች)፣ ርቀት በፓርሰክ (አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት ያህል ነው)፣ የአቧራ መጋረድ፣ ፊልተር፣ ፍላክስ (የተለካው የብርሃን መጠን)፣ ስህተት፣ ከዚያም የነጥቡና የኮከቡ አማራጮች። የማታውቁትን ቦታ በሦስት ሰረዝ ትሞላላችሁ። ስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ከገባ ዓምዶቹ ይዛነፋሉ፤ የመጀመሪያ ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ርቀቱን ከጋያ ፓራላክስ፣ ማለትም ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ በሰማይ ላይ ከሚያሳየው ጥቃቅን መዛወር፣ ውሰዱ። እዚህ ላይ ግን ጥንድ ኮከብ መሆኑ አይረሳ። የጋያ ዋና ሰንጠረዥ ፓራላክሱን ያወጣው ኮከቡ ነጠላ ነው ብሎ ነው። ምህዋሩ ከልኬቱ ስህተት በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ የመረጃ ልቀት ውስጥ ነጠላ ላልሆኑ ኮከቦች የተለየ ሰንጠረዥ አለ፤ ኮከቡ እዚያ ካለ ምህዋሩ ተቆጥሮለት የወጣውን ፓራላክስ ተጠቀሙ። ራዲየስ ከርቀት ጋር በቀጥታ ይጨምራል፤ የ5 በመቶ የርቀት ስህተት የ5 በመቶ የራዲየስ ስህተት ነው።

አቅጣጫው ሌላ ወጥመድ አለው። የጋያ አቅጣጫዎች ለ2016.0 የተሰሉ ናቸው፤ ጋሌክስ ግን ከ2003 ጀምሮ ነው ሲለካ የኖረው። በዓመት 0.5 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) የሚጓዝ ኮከብ በ11 ዓመት 5.5 አርክ ሰከንድ ይርቃል። በ5 አርክ ሰከንድ ክብ ውስጥ ስትፈልጉ የራሱ ልኬት ከክቡ ይወጣል፤ ይባስ ብሎ የሌላ ኮከብ ልኬት ሊገባ ይችላል። አቅጣጫውን ወደ 2000 መልሳችሁ አስገቡ፤ በፍጥነት የሚጓዙትን ደግሞ ካታሎግ በካታሎግ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የራሳችሁን የጋሌክስ ቁጥር የምታስገቡ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ፍላክስ ቀይሩት። ማግኒቲዩድ የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ የደመቀ ነው። ጋሌክስ የሚጠቀመው የኤቢ ማግኒቲዩድ ሥርዓት ነው፤ ጋያና የኢንፍራሬድ ሰማይ ቅኝቱ ቱማስ (2MASS) በቬጋ ኮከብ ላይ የተመሠረተውን ይጠቀማሉ። ሁለቱ ሥርዓቶች በሩቅ አልትራቫዮሌት በ2.2፣ በቅርቡ በ1.7 ማግኒቲዩድ ገደማ ይለያያሉ። ይህ የ8 እና የ5 እጥፍ ያህል የፍላክስ ስህተት ነው፤ ከባዶ ሜዳ ነጭ ድንክ ይፈጥራል፣ ያለውንም ያጠፋል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ሁለቱን ሞዴሎች በአንዴ ማስገባት ያጓጓል፤ አታድርጉት። ጥሩው መንገድ ዋናውን ኮከብ ብቻውን ማስቀደም ነው። ከ3000 አንግስትሮም በታች ያሉትን ነጥቦች ከማግጠሙ አውጡ፤ ቮሳ የትኛው ነጥብ ይግባ የትኛው ይቅር የሚለውን በነጥብ ደረጃ እንድትወስኑ ይፈቅዳል፤ ይህ ከምንወድለት ነገር አንዱ ነው። የቀሩትን፣ ከሚታየው ብርሃን (ፓንስታርስና ጋያ) እስከ ኢንፍራሬድ (ቱማስና ዋይዝ) ያሉትን፣ ከኩሩዝ ወይም ከቢቲ ሴትል ሞዴሎች ጋር አግጥሙ። የብረት ይዘቱ ከስፔክትረም የታወቀ ከሆነ አስሩት። ብረት ያነሰው ኮከብ በአልትራቫዮሌት በተፈጥሮው ይደምቃል፤ በፀሐይ ዓይነት ሞዴል ብትለኩት የሌለ ትርፍ ያሳያችኋል።

አሁን ሞዴሉን ወደ አልትራቫዮሌት ዘርጉትና የተለካው ከተተነበየው በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ተመልከቱ። በቅርቡ ፊልተር ብቻ 20 ወይም 30 በመቶ ቢበልጥ ምንም አይደለም፤ የሞዴሉ ስህተት ብቻውን ያን ያህል ይደርሳል። በሩቁ ፊልተር አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በቅርቡም ትርፉ ቢያንስም ካለ፣ ቀጥሉ።

ቀጥሎ የጥንድ ማግጠሚያውን ክፈቱ። ለአንደኛው አካል የቅድሙን ሞዴል፣ በቅድሙ ሙቀት ዙሪያ በጠባብ ወሰን፤ ለሁለተኛው የኮስተርን ነጭ ድንክ ሞዴሎች ስጡ። የኮስተር ስብስብ ከ5000 እስከ 80000 ኬልቪን፣ የገጽ ስበቱም በሎጋሪዝም ከ6.5 እስከ 9.5 ይደርሳል። ስበቱን 8 ላይ አስሩት። ጥቂት የፊልተር ነጥቦች የገጽ ስበትን መለየት አይችሉም፤ ነጻ ከተተወ ፕሮግራሙ የሆነ ቁጥር መርጦ ይሰጣችኋል፣ ቁጥሩ ግን ትርጉም የለውም። ሞዴሎቹ የሃይድሮጅን ከባቢ ላላቸው ነጭ ድንኮች የተሠሩ መሆናቸውንም አስታውሱ። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ የሂሊየም ከባቢ ያለው ከገጠማችሁ ግን የሚወጣው ሙቀት ይዛባል።

አቧራውን ነጻ አትተዉት። ይህ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ ነው። በእኛ ጋላክሲ የተለመደ አቧራ በሁለቱም የጋሌክስ ፊልተሮች ላይ የሚውጠው ብርሃን አቧራው በሰማያዊና በቢጫ መካከል የሚፈጥረውን የቀለም ልዩነት 8 ጊዜ ያህል ነው፤ በሚታየው ብርሃን ግን 3.1 ጊዜ ብቻ። ሁለቱ የአልትራቫዮሌት ፊልተሮች እኩል ለእኩል ስለሚጋረዱ በመካከላቸው ያለው ቀለም እምብዛም አይነካም፤ የሙቀት ግምቱ በመጠኑ ይተርፋል። የሚጎዳው ራዲየሱ ነው። በሚታየው ብርሃን 0.1 ማግኒቲዩድ የአቧራ ስህተት በሩቅ አልትራቫዮሌት 0.26 ይሆናል፤ ይህ የ27 በመቶ የፍላክስ፣ የ13 በመቶ የራዲየስ ስህተት ነው። ስለዚህ ርቀትንም ከሚያሳይ ባለ ሦስት ልኬት (3D) የአቧራ ካርታ በኮከቡ ርቀት ላይ ያለውን ዋጋ ወስዳችሁ ጠባብ ወሰን ስጡት።

ውጤቱን ማንበብ

ቮሳ ካይ ስኩዌርን ሲሰጣችሁ ቁጥሩ በመቶዎች ቢወጣ አትደንግጡ። የጋያ የብርሃን ልኬት ስህተት ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሞዴሎቹ ግን ያን ያህል ትክክል አይደሉም፤ ስለዚህ ካይ ስኩዌሩ ያብጣል። ለዚህ ነው ቮሳ ቪጂኤፍ-ቢ የሚባል ሁለተኛ ቁጥር የሚጨምረው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ስህተት ቢያንስ 10 በመቶ ነው ብሎ ያሰላል። ከ15 በታች ከሆነ በዓይን ሲታይ ጥሩ ገጥሟል ይባላል። መልካም አሠራር ነው፤ ጉዳትም አለው፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዋናው ቁጥር ኤምዲ የሚባለው ነው። ሞዴሉ በስንት ተባዝቶ ከልኬቱ ጋር እንደተስተካከለ ይናገራል፤ ዋጋውም ራዲየስ ለርቀት ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በ200 ፓርሰክ ላይ ራዲየሱ 0.0125 የሆነ ነጭ ድንክ 2×10⁻²⁴ ገደማ ይሰጣል። በዚያው ርቀት 1.3×10⁻²² ከወጣ ራዲየሱ 0.1 ነው፤ ይህ ትኩስ ንዑስ ድንክ እንጂ ነጭ ድንክ አይደለም። ከ0.02 እስከ 0.05 ከወጣ መጠነ ቁሱ በጣም ያነሰ፣ የሂሊየም እምብርት ያለው ነጭ ድንክ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው በቅርብ ጓደኛ ተልጦ የሚወለድ ስለሆነ አጭር የዙር ጊዜ መጠበቅ ነው። ሲከብዱ እንደሚያንሱም አትርሱ፤ 1.02 የፀሐይ መጠነ ቁስ ያለው ሲሪየስ ቢ ራዲየሱ 0.0084 ገደማ ብቻ ነው።

በታችኛው ወገንም ወሰን አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና እስካሁን ከሚታወቁት እጅግ ትንሽ ከሆኑት አንዱ ነጭ ድንክ ራዲየሱ 2140 ኪሎሜትር ገደማ፣ ማለትም የፀሐይ 0.003 ነው። ማግጠሚያው 0.001 ከሰጣችሁ ያገኛችሁት ነጭ ድንክ አይደለም። ካይ ስኩዌሩ የቱንም ያህል ቢያምር ጣሉት። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የዋናው ኮከብ የራሱ መግነጢሳዊ እንቅስቃሴ ነው። ቀይ ድንኮችና ወጣት ብርቱካናማ ኮከቦች ከላይኛው ከባቢያቸው የአልትራቫዮሌት መስመሮችን ይረጫሉ፤ በ1550 አንግስትሮም ያለው የካርቦን መስመር በቀጥታ በጋሌክስ ሩቅ ፊልተር ውስጥ ይወድቃል። መልኩ የትኩስ አካል ይመስላል፣ መጠኑ ግን ለነጭ ድንክ አይበቃም። ራዲየሱ ይህን ሲያጋልጥ ማየት ቮሳን የምንወድበት ትልቁ ምክንያት ነው።

ስህተቱን በተመለከተ፣ በመደበኛው ማግጠም የሚሰጠው የሙቀት ስህተት የሞዴሎቹን እርከን ተከትሎ የመጣ እንጂ የልኬቶቹን እርግጠኛነት የሚያሳይ አይደለም። የሞንቴ ካርሎ ምርጫውን አብሩት፤ ልኬቶቹን 100 ጊዜ እያወዛወዘ ይደግማል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ዋጋ አለው። በተለይ ከ30000 ኬልቪን በላይ ሙቀትና ራዲየስ ይካካሳሉ። በ1530 አንግስትሮም ያለውን ያንኑ ፍላክስ ለማግኘት ሙቀቱን ከ30000 ወደ 40000 ብትወስዱት ራዲየሱ በሲሶ ያህል ያንሳል፤ በሁለቱ ፊልተሮች መካከል ያለው ቀለም ግን የሚቀየረው በ0.2 ማግኒቲዩድ ገደማ ብቻ ነው። ዋናው ኮከብ በቅርቡ ፊልተር ላይ ድርሻ ካለው ይቺ ልዩነት በቀላሉ ትጠፋለች።

ልኬቱ ራሱ ሲያሳስት

ጋሌክስ ሰፊ ሰማይ ሸፍኗል፤ ያለ እሱ ይህ ሥራ አይታሰብም። ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው፤ አንድ ኮከብ በሩቁ ፊልተር ወደ 4.2፣ በቅርቡ ወደ 5.3 አርክ ሰከንድ ተዘርግቶ ይታያል። ከጀርባ ያለ ኳሳር ወይም ሰማያዊ ጋላክሲ በዚህ ውስጥ ቢወድቅ ነጭ ድንክ መስሎ ይቀርባል። እያንዳንዱን እጩ ጥራት ባለው የሚታይ ብርሃን ምስል ላይ ሳታዩ አትለፉ። ኮከብ በተጨናነቀበት ክላስተር ውስጥ ከሆነ የሕንዱ አስትሮሳት ሳተላይት አልትራቫዮሌት ቴሌስኮፕ ልኬት ካለ ያንን አስቀድሙ፤ ከ1.5 አርክ ሰከንድ የተሻለ ይለያል።

በተደጋጋሚ የሚሠራ ሌላ ስህተት ባዶ ቦታን ዜሮ ማድረግ ነው። የጋሌክስ የሩቅ አልትራቫዮሌት መመልከቻ በ2009 ሥራ አቁሟል፤ ሳተላይቱ እስከ 2013 የቀጠለው በቅርቡ ፊልተር ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ የሰማይ ክፍል ላይ የሩቁ ቁጥር የሌለው ኮከቡ ስላልበራ ሳይሆን ስላልተለካ ነው። ቮሳ ያገኘውን ያመጣል፤ ያላገኘውን ለምን እንዳላገኘ አይነግራችሁም። እያንዳንዱ መመልከቻ ያንን ቦታ ለምን ያህል ጊዜ እንዳየ ከጋሌክስ መዝገብ ራሳችሁ ፈትሹ። ከ14ኛ ማግኒቲዩድ የደመቁ ምንጮች ላይ ደግሞ መመልከቻዎቹ መቁጠር ያቅታቸዋል፤ ልኬቱ ከእውነቱ ያንሳል፣ ራዲየሱም አብሮ ያንሳል። የስዊፍት ሳተላይት አልትራቫዮሌት ልኬት አንዳንዴ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ከሦስቱ የአልትራቫዮሌት ፊልተሮቹ ሁለቱ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ ቀይ ብርሃን ስለሚያሾልኩ ለፀሐይ መሰል ኮከብ የመካከለኛውን ብቻ እመኑ።

ትርፍ የሌላቸው፦ ቀዝቃዛዎቹ

ብዙዎቹ ነጭ ድንኮች ለቢሊዮን ዓመታት ሲቀዘቅዙ የኖሩ ናቸው። ለእነሱ የሚሠራው መንገድ ብርሃን ሳይሆን ክብደት ነው፤ ጋያ ከለካው የዋናው ኮከብ ውዝዋዜ ተነስቶ የማይታየው ጓደኛ ይመዘናል። በ2019 ሻሃፍና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ኤኤምአርኤፍ የሚባል መለኪያ አለ። አሰላሉ አጭር ነው። የብርሃን ማዕከሉን፣ ማለትም የሁለቱ ብርሃን ተደምሮ እንደ አንድ ነጥብ የሚታይበትን ቦታ፣ የምህዋር ስፋት በፓራላክሱ አካፍሉ፤ ለዋናው ኮከብ መጠነ ቁስ ኩብ ሥር አካፍሉ፤ በመጨረሻ የዙር ጊዜውን በዓመት ወስዳችሁ ለሁለት ሦስተኛ ኃይሉ አካፍሉ።

ፓራላክሱ 5 ሚሊአርክ ሰከንድ (የአርክ ሰከንድ ሺህኛ)፣ የብርሃን ማዕከሉ ምህዋር 3፣ የዙር ጊዜው 1.6 ዓመት፣ ዋናው ኮከብ ፀሐይን ያከለ ይሁን። ውጤቱ 0.44 ነው፤ ይህ ልክ 0.6 መጠነ ቁስ ያለው ጨለማ ጓደኛ የሚሰጠው ዋጋ ነው። ጓደኛው 0.6 የሆነ ተራ ኮከብ ቢሆን ኖሮ የራሱ ብርሃን ማዕከሉን ወደ ራሱ ስለሚስብ ምህዋሩ ይጠብ ነበር፤ ዋጋውም ከ0.44 ይወርድ ነበር። ጓደኛው ነጠላ ተራ ኮከብ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

አንድ ተጠርጣሪ ግን ይቀራል፦ እርስ በርስ ተጠጋግተው የሚዞሩ ሁለት ቀይ ድንኮች። እያንዳንዳቸው 0.3 ቢሆኑ አብረው 0.6 ይመዝናሉ፤ በሚታየው ብርሃን ደግሞ ከፀሐይ መሰል ጓደኛቸው 1 በመቶ እንኳ አይደርሱም። እዚህ ላይ ቮሳ ይመለሳል፣ በሌላኛው ጫፍ። ሁለቱ ቀይ ድንኮች በቱማስ ኬ ፊልተር 9 በመቶ ያህል ይጨምራሉ፤ ቀዝቃዛ ነጭ ድንክ ግን ምንም የሚታወቅ ነገር አይጨምርም። ኢንፍራሬዱ ላይ ትርፍ አለመኖሩ ማስረጃ ይሆናል። ከጋያ ምህዋሮች ከ3000 በላይ የነጭ ድንክ እጩዎች የተለዩት በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነው፤ ከክብደቱ ጋር ቀይ ትርፍ የሌላቸውን በማስቀረት።

የቮሳ ድክመት ጎልቶ የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። ቪጂኤፍ-ቢ ማንኛውንም ስህተት 10 በመቶ አድርጎ ይጀምራል፤ የምትፈልጉት ምልክት 9 በመቶ ነው። ቁጥሩ 2 ወጣ ብላችሁ ኢንፍራሬድ ትርፍ የለም ብትሉ ተሳስታችኋል። በራሱ የሚሠራው የኢንፍራሬድ ትርፍ ጠቋሚም የተሠራው በኮከብ ዙሪያ ላሉ የአቧራ ዲስኮች ነው፤ እንዲህ ያለችውን ቀጭን ልዩነት እንዲይዝ አይጠበቅም። የነጥቦቹን ሰንጠረዥ አውርዳችሁ የተለካውንና የተተነበየውን ፍላክስ ነጥብ በነጥብ አካፍሉ። ማግጠሙ እንዳይዛባ ከኬና ከዋይዝ በስተቀር ያሉትን ብቻ አስገብታችሁ ሞዴሉ እነዚህን እንዲተነብይ አድርጉ። የቱማስ ልኬት ስህተት 2 እስከ 3 በመቶ፣ የሞዴሉም ጥቂት በመቶ ስለሆነ ለፀሐይ መሰል ኮከብ መልሱ ጥርት ብሎ አይወጣም። ዋናው ኮከብ ብርቱካናማ ድንክ ሲሆን፣ ራሱ ስለሚደበዝዝ፣ ሁለቱ ቀይ ድንኮች የሚጨምሩት ድርሻ ይሰፋና ውሳኔው ይቀላል።

የአገልግሎቱ አያያዝ

ገጹ ያረጀ መልክ አለው፤ ትሮቹ ብዙ ናቸው፤ አዲስ ሰው የትኛውን አስቀድሞ እንደሚከፍት ግራ ይገባዋል። ቅደም ተከተሉ ከግራ ወደ ቀኝ መሆኑን ካወቃችሁ ግን ይቀላል፦ ኮከቦቹ፣ ርቀቱ፣ አቧራው፣ ልኬቶቹ፣ ከዚያ ማግጠሙ። የእገዛ ሰነዱ ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር እንዴት እንደተሰላ ይናገራል። ሥራችሁ በስማችሁ ስለሚቀመጥ የጥንድ ማግጠሙን አስጀምራችሁ ብትወጡ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ። ጥንድ ማግጠም የሁለቱን ስብስቦች ሞዴሎች እርስ በርስ ስለሚያጋጥም ወሰኑን ሳታጠቡ የላካችሁት ሥራ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ኮከብ በአንድ ፋይል ማስገባት ይቻላል፤ ግን ሞዴሉንና ወሰኑን በጅምላ ስለምትመርጡ ትኩሱንና ቀዝቃዛውን ዋና ኮከብ በተለያየ ፋይል ለዩ።

ለመለማመድ መልሱ የታወቀ ኮከብ ይሻላል። ሂያደስ ክላስተር ውስጥ ያለው ቪ471 ታውሪ ለዚህ ይሆናል፦ ብርቱካናማ ድንክና 34500 ኬልቪን የሚሞቅ፣ 0.8 መጠነ ቁስ ያለው ነጭ ድንክ በ12.5 ሰዓት ይዞራሉ፤ ስለሚጋረዱ የነጭ ድንኩ ራዲየስ 0.01 ገደማ መሆኑ በቀጥታ ተለክቷል። ሁለቱንም ችግሮች አንድ ላይ ያሳያችኋል፤ ዋናው ኮከብ መግነጢሳዊ እንቅስቃሴው ከፍተኛ ነው፣ ነጭ ድንኩም በጣም ቅርብና ትኩስ ስለሆነ የተጠቀማችሁበት መመልከቻ መቁጠር የሚችልበት ወሰን ውስጥ መሆኑን መፈተሽ ይኖርባችኋል።

ራዲየሱ በወሰኑ ውስጥ የወጣ፣ ምስሉ ላይ ጎረቤት የሌለው፣ አቧራው የታወቀ እጩ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ስፔክትረም ነው። በሀብል ቴሌስኮፕ የሚወሰድ የሩቅ አልትራቫዮሌት ስፔክትረም በ1216 አንግስትሮም ያለውን የላይማን አልፋ መስመር ያሳያል፤ የነጭ ድንክ ከፍተኛ ስበት ይህን መስመር በአሥሮች አንግስትሮም ያሰፋዋል፣ ከመግነጢሳዊ እንቅስቃሴ የሚመጣው ግን ቀጭንና የሚያበራ ነው። ቮሳ ያላወቀው የገጽ ስበት የሚገኘውም ከዚሁ መስመር ቅርጽ ነው።